መርካቶን እስካሁን ያተረፋት ሰዓቱ ነው

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ ምሽት፣ አዲስ አበባ ተነቀነቀች። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው አምፖሉ ሲወዛወዝ፣ ብርጭቆው ሲንቀጫቀጭ አየ። ልጁን ታቅፎ በደረጃ የወረደው ብዙ ነው። ልክ በ15ኛው ቀን፣ ጥቅምት 11 ሰኞ ምሽት፣ መርካቶ ሸማ ተራ ነደደ።

የመጀመሪያው «የተፈጥሮ ጉዳይ ነው» ተብሎ ታለፈ። ሁለተኛው «ድንገተኛ አደጋ» ተባለ። ሁለቱም ቃላት ሥራቸው አንድ ነው፤ ተጠያቂውን በሰላም ወደ ቤቱ ይሸኛሉ።

ሁለቱን የሚያገናኝ ግን ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ሰዓቱ ነው። መሬቱ የተነቀነቀው በእሑድ ምሽት፣ አብዛኛው የመርካቶ በር በተቆለፈበት ሰዓት ነው። እሳቱም የቀን ገበያተኛው ከተበተነ በኋላ መጣ። ታኅሣሥ 26 ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ከመስከረሙ የበረታ ንቅናቄ መጣ። የካቲት 7 ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሌላ፣ በሬክተር ስኬል ወደ 6 የሚጠጋ። አሁንም መርካቶ ተኝታ ነበር።

አራት ጊዜ በተከታታይ ዕጣ ለመርካቶ አደላ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ግን «እግዜር ይመስገን» ብሎ ወደ ሥራ መመለስ ብቻ ነው። ማመስገኑ ተገቢ ነው። ምስጋናን የዝግጅት ምትክ አድርጎ መያዝ ግን በሰው ሕይወት ቁማር መጫወት ነው።

*ስምጥ ሸለቆው ሩቅ አይደለም*

አዲስ አበባ ውስጥ ስምጥ ሸለቆ ሲባል ሰው የሚያስበው አፋርን ወይም የላንጋኖን ሽርሽር ነው። እውነቱ ግን ከተማዋ የተቀመጠችው በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ወደ ታች የሳበው ፍል ውሃ ራሱ የዚህ ምልክት ነው። ውሃው የሚሞቀው ከሥሩ መሬቱ ስለሚሞቅ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣውም አለቱ ስለተሰነጠቀ ነው። ከተማዋን የወለዳት ስንጥቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2017 ዓ.ም. የተነቃነቀው ደግሞ የፈንታሌና የዶፋን ተራሮች አካባቢ ነው። ከመሬት በታች ቅልጥ አለት ወደ ላይና ወደ ጎን እየሰረሰረ አለቱን ሰነጠቀ። የሚሰማው ንዝረት የዚያ ስንጥቅ ድምፅ ነበር። በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። ፈንታሌ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ሲለካ 150 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

«ታዲያ 150 ኪሎ ሜትር ሩቅ አይደለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1985 የሜክሲኮ ከተማን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሣው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር። ከተማዋ የተቆረቆረችው በደረቀ ሐይቅ ለስላሳ አፈር ላይ ስለነበር ንዝረቱ እዚያ ሲደርስ ገነነ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ያ መንቀጥቀጥ በሬክተር 8 ገደማ ስለነበር ከፈንታሌው ጋር በኃይል አይወዳደርም። ትምህርቱ ግን ለማንም ከተማ ይሠራል፤ ጉዳትን የሚወስነው ርቀት ብቻ አይደለም። አፈሩም፣ የሕንፃው ቁመትም፣ የግንባታው ጥራትም ይወስናሉ። በ2017 ዓ.ም. ምድር ቤት ያለው ሰው ምንም ሳይሰማው ስምንተኛ ፎቅ ያለው ለምን እንደሮጠ የሚያስረዳው ይኸው ነው። ከሩቅ የሚመጣ ዘገምተኛ ንዝረት ረጃጅም ሕንፃዎችን ይወዳል።

*አዲስ ነገር የለም*

ይህ ሁሉ በእኛ ዘመን የጀመረ የሚመስለው ካለ ታሪክ ያርመዋል። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከላንጋኖ አካባቢ የተነሣ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አስደንግጧል። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ በካራ ቆሬ አካባቢ በተከታታይ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። አዲስ አበባ ላይም ተሰምቷል።

እነዚህን የሚያውቅ ሰው አልጠፋም። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ አቋቁመው፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከየመዝገቡ ለቅመው በመጽሐፍ ትተዋል። ጣቢያው ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይሠራል። ስለዚህ «አናውቅም ነበር» ማለት አይቻልም። ዕውቀቱ ከአራት ኪሎ ወርዶ አዲስ ከተማ አልደረሰም፤ ችግሩ ይኸው ነው።

ከ1898 ዓ.ም. ወዲህ የተለወጠው ደግሞ መሬቱ አይደለም። ያኔ ከተማዋ በአመዛኙ የሣር ክዳንና የጭቃ ቤት ነበረች። ጎጆ ይወዛወዛል፣ ቢወድቅም ቀላል ነው። ዛሬ በዚያው መሬት ላይ ብሎኬት፣ ኮንክሪትና መስታወት ተቆልሏል። ከሥሩ ደግሞ በአንድ ቀን በመቶ ሺዎች የሚገመት ሰው ይተራመሳል።

*የመርካቶ ጉሮሮ በስምጥ ሸለቆው ያልፋል*

መርካቶ በስምጥ ሸለቆው ላይ የምትንጠለጠለው በመሬት ብቻ አይደለም፤ በመንገድም ነው። ዱባይ ተራ የሚራገፈው ጨርቅ፣ ቆርቆሮ ተራ የሚደረደረው ብረት፣ ጎማ ተራ የሚቆለለው ጎማ፣ አብዛኛው የመጣው ከጅቡቲ ወደብ ነው። መኪናውም ባቡሩም የሚያልፉት በአዋሽና በመተሐራ፣ ማለትም በዚያው በተነቃነቀው ምድር ነው። በ2017 ዓ.ም. በአካባቢው አስፋልቱ ሲሰነጠቅ የታየው ጉዳት የገበሬ መንደር ወሬ ተደርጎ አለፈ። የመርካቶ የዕቃ ቱቦ መሆኑን ያስተዋለ ጥቂት ነው።

እዚያው መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ አለ። ከስድሳ ዓመት በፊት ትንሽ ኩሬ የነበረው ጨዋማ ሐይቅ ዛሬ ከአስር እጥፍ በላይ ሰፍቶ መንገዱንም ሐዲዱንም ሲፈታተን ኖሯል። አስፋልቱ ከፍ ተደርጎ የተሠራው በእሱ ምክንያት ነው። መርካቶ ውስጥ የአንድ ጣቃ ጨርቅ ዋጋ ሲጨምር ደላላው ዶላርን ያማርራል፤ ልክ ነው። ከዋጋው ላይ ግን መሬቱም ድርሻ አለው። መንገዱ ለአንድ ወር ቢዘጋ ዋጋው የት እንደሚደርስ የሚያስብ፣ አማራጭ የሚያዘጋጅ ማነው?

*ገዳዩ መተላለፊያው ነው*

እስቲ ይታሰብ። የትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ ነው፤ ከቀኑ 6 ሰዓት። ሚሊተሪ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሁሉም ጢም ብሏል። የመስከረም 26ቱ ዓይነት ንቅናቄ መጣ። በሬክተር 4.9 ብቻ። አንድም ሕንፃ አልወደቀም እንበል።

አንድም ሕንፃ ሳይወድቅ ሰው ያልቃል። ከአራተኛ ፎቅ የሚሮጠው ሕዝብ የሚወርድበት ደረጃ አንድ ነው። በደረጃው ግማሽ ላይ ማዳበሪያና ካርቶን ተቆልሏል። የታችኛው የብረት መዝጊያ ግማሹ ተጎትቷል። ከበሩ ውጭ የመደብ ነጋዴ፣ ጋሪ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ወደ ኋላ የሚመጣ አይሱዙ አለ። ከሕንፃው የወጣው ወደ ሌላው ሕንፃ ከሚሮጠው ጋር ይጋጫል። እዚህ ላይ የሚገድለው ፈንታሌ አይደለም፤ ደረጃው ነው፤ ካርቶኑ ነው፤ ሁለት ሜትር የማትሞላው መተላለፊያ ናት።

ጥቅምት 11ም የታየው ይኸው ነው። የእሳት አደጋ መኪና ወደ ሸማ ተራ ለመግባት ያየው አበሳ መንገዱ ነበር። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሰዉም ብዙ ነው። ላስቲክና ሸራ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ተዘርግቷል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ሐረግ ተጠላልፏል፤ ቆጥ በቆጥ ላይ ተሠርቷል። ነጋዴው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ለማትረፍ ወደ እሳቱ ሲሮጥ መኪናው ወደ ኋላ ይቀራል።

ክረምት ሲመጣ ያው መተላለፊያ ወንዝ ይሆናል። ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ደቡብ በሚወርደው ተዳፋት ላይ የተቆረቆረ ገበያ የዝናቡን ውሃ ማሳለፍ ግዴታው ነው። ቦዩ ግን በፌስታልና በካርቶን ስለሚታፈን ውሃው በሱቁ በር ይገባል። እሳት፣ ጎርፍ፣ ንቅናቄ፤ ሦስት አደጋዎች ናቸው፤ የሚያልፉበት በር አንድ ነው። እሱን በር የከፈተ ሦስቱንም ያስታግሳል። ለዚህም ነው ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ማውራት ቅንጦት ነው የሚለው ወገን የተሳሳተው። ለንቅናቄ የሚደረግ ዝግጅት በየዓመቱ ለሚመጣው እሳትና ጎርፍም ይሠራል።

*መተላለፊያውን ማን አጠበበው?*

መርካቶ ጠባብ ሆና አልተወለደችም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥተው ወደ ምዕራብ ሲወስዱት ዓላማቸው ነጭና ጥቁርን መለየት ነበር። ዓላማው አስነዋሪ ነው። የነደፉት ካርታ ግን በጎዳናዎች የተከፋፈለ ነበር። የጠበበው በየብሎኩ ሆድ ውስጥ ነው፤ ጓሮ ሱቅ ሆነ፣ ሱቅ ሁለት ሱቅ ሆነ፣ ከላይ ቆጥ ተጨመረ፣ ከፊት መደብ ተዘረጋ።

ለምን ቢባል መልሱ ከባለቤትነት ጋር የተያያዘ ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ ወዲህ ብዙው የመርካቶ ሱቅ የቀበሌ ወይም የመንግሥት ቤት ኪራይ ሆነ። ተከራዩ ግድግዳውን በእሳት በማይበገር ቁስ ላድስ ቢል ቤቱ የእሱ አይደለም። አከራዩ እንዳያድስ ደግሞ ኪራዩ የሚያበረታታ አይደለም። ነገ ልነሣ እችላለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ደግሞ በኮርኒስ ላይ ኮርኒስ ይጨምራል እንጂ የእሳት መከላከያ አይገዛም። ግማሽ ምዕተ ዓመት «ይህ ቤት የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቆይቶ፣ መልሱን እሳት ሲሰጥ ይታያል።

*«ሁሉንም አፍርሶ መገንባት ነው» ለሚሉት*

እዚህ ላይ አንድ ቀላል መልስ ያላቸው ሰዎች አሉ። መርካቶ ትፍረስ፤ ረጃጅም ሕንፃ ይሠራ፤ ችግሩ ያልቃል። ፒያሳ በወራት ውስጥ ፈርሳ ተቀይራለች፤ መርካቶም ለምን አትቀየርም?

መልሱ ይህ ነው። ረጅም ሕንፃ በራሱ ደኅንነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ቱርክ ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰው የሞተው በአብዛኛው በጭቃ ቤት ውስጥ አይደለም፤ ባለ ብዙ ፎቅ አፓርታማ እንደ ኬክ ተደራርቦ ነው። ቱርክ ጥሩ የሕንፃ ሕግ ነበራት። ሕጉን የጣሰ ግንባታ ግን በገንዘብ ቅጣት ምሕረት እየተደረገለት ኖረ። ሕጉ በመዝገብ ቤት ነበር፤ ሕንፃው መሬት ላይ ነበር፤ ሁለቱ አልተገናኙም።

ኢትዮጵያም ሕግ አላት። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የግንባታ ኮድ ለአዲስ አበባ የመደበውን የንቅናቄ መጠን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኮድ በእጥፍ ከፍ አድርጎታል። ይህ ማለት ባለሙያዎቹ ራሳቸው «ቀድሞ ሥጋቱን አሳንሰነው ነበር» ብለዋል ማለት ነው። ታዲያ በመካከሉ ባሉት ሃያ ዓመታት መርካቶ ውስጥ የበቀሉት የአክሲዮን ማኅበራት ሕንፃዎች በየትኛው ልክ ተሠሩ? ከተሠሩ በኋላ ስንት ግድግዳ ፈረሰባቸው? ለመኪና ማቆሚያ የተፈቀደው ምድር ቤታቸውስ ስንቱ ዕቃ ማከማቻ ሆነ? ይህ መልስ በሌለበት «አፍርሰን ፎቅ እንሥራ» ማለት አግድም የነበረውን ጠባብ መተላለፊያ ወደ ላይ ማቆም ነው።

ሌላም አለ። የሸማ ተራው እሳት ገና ሳይበርድ «ሆን ተብሎ ነው፤ ቦታውን ፈልገውት ነው» የሚል ወሬ ገበያውን ሞላው። ማስረጃ አልቀረበበትም። ወሬው ለምን እንዲህ በቀላሉ እንደታመነ ግን ማሰብ ይገባል። ነጋዴው ከእሳት በኋላ ወደ ቦታው እንደሚመለስ በጽሑፍ የሰጠው የለም። ዋስትና የሌለው ሰው እያንዳንዱን ጭስ የማፈናቀያ ደብዳቤ አድርጎ ያነበዋል። ያን ጊዜ «ለደኅንነትህ መንገዱን አስፋ» ሲሉት እንኳ አይሰማም። አመኔታን ያላስቀደመ ደኅንነት አይሠራም።

*ነጋዴውም ነጻ አይወጣም*

ጥፋቱን ሁሉ በመንግሥት ላይ መድፋት ደግሞ ሌላ ማምለጫ ነው። በደረጃው ላይ ካርቶን የሚቆልለው ሹም አይደለም። የሁለተኛውን በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ የሚከተው የቀበሌ ሊቀ መንበር አይደለም። በአንድ ቆጣሪ አሥር ሱቅ የሚያበራው፣ ከፊት ለፊቱ ያለውን መተላለፊያ በቀን ኪራይ ለመደብ የሚሰጠው፣ ራሱ የመርካቶ ሰው ነው።

የኢንሹራንሱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ዕቃውን ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው ሲቃጠልበት የስንት ብር ዕቃ እንደነበረው በምን ያስረዳል? ኅዳር 2017 ዓ.ም. ላይ በደረሰኝ ቁጥጥር የተነሣ መርካቶ ሱቋን ዘግታ ሰንብታ ነበር። በጊዜው ክርክሩ ሁሉ ስለ ግብር ነበር። ያ ደረሰኝ ግን ከእሳት በኋላ የነጋዴው ብቸኛ ምስክር እንደሚሆን የነገረው አልነበረም። ገቢ ሰብሳቢው ነጋዴውን በቅጣት ብቻ ከማስፈራራት «ይህ ወረቀት ላንተም ይጠቅምሃል» የሚያሰኝ ሥርዓት ቢዘረጋ ግማሹ ጠብ ይበርድ ነበር።

*ምን ይደረግ?*

የሚጠየቀው ተአምር አይደለም።

1. በእያንዳንዱ ተራ ቢያንስ አንድ የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበት መንገድ በቀለም ይሰመር፤ ቀንም ሌሊትም ክፍት ይሁን። በዚህ ምክንያት የሚነሣ ነጋዴ ካለ እዚያው መርካቶ ውስጥ ምትክ ቦታው፣ ከመነሣቱ በፊት፣ በጽሑፍ ይሰጠው።

2. በእያንዳንዱ የንግድ ሕንፃ በር ላይ ሕንፃው መቼ እንደተፈቀደ፣ በየትኛው ኮድ እንደተሠራ፣ የድንገተኛ መውጫው የት እንደሆነ በአማርኛና በሌሎች የገበያው ቋንቋዎች ይለጠፍ። የማይለጥፈው ለምን እንደማይለጥፍ ይጠየቅ።

3. የእሳት ማጥፊያ ውሃ መቅጃ በገበያው ሆድ ውስጥ ይኑር። ቦቴ ከሩቅ እስኪመጣ የሚጠብቅ እሳት የለም።

4. በየስድስት ወሩ በገበያ ቀን፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ልምምድ ይደረግ። ጫኝና አውራጁ፣ ጋሪ ገፊው፣ ደላላውና ጥበቃው ይሠልጥኑ። መርካቶን ከማንም በላይ የሚያውቋት እነሱ ናቸው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ውስጥ መሬት ሲንሸራተት ሌላውን ሊያተርፍ የሮጠው ሕዝብ በሁለተኛው ናዳ ተቀበረ። ደግነት ያለ ሥልጠና ምን እንደሚያስከፍል ከዚያ በላይ ማሳያ አያስፈልግም።

5. ተራ በተራ የቡድን ኢንሹራንስ ይመሥረት። ዕድሩን ለሞት ያቋቋመ ሕዝብ ለእሳት ማቋቋም አያቅተውም።

ከእነዚህ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። በጥቂት ወራት ጎዳና አስፍቶ፣ አስፋልት አንጥፎ፣ ዛፍ ተክሎ፣ መብራት አብርቶ ያሳየ ከተማ «አቅም የለኝም» ማለት አይችልም። ኮሪደር ሲሠራ የታየው ፍጥነት ውበት በማይታይበት የሸማ ተራ ጓዳም ይታይ። ለእንግዳ ዓይን የሚሆን መንገድ በቅድሚያ የሚሠራበት፣ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ ግን ነገ የሚባልበት ምክንያት ምንድን ነው?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። መሬት አልተንቀጠቀጠም ነበር። ተራራው ራሱ ከተማዋ ለሃምሳ ዓመት የቆለለችው ቆሻሻ ነበር፤ ከመርካቶ የወጣውም ጭምር። ያኔም ሐዘን ታወጀ፤ ያኔም «ትምህርት ይሆነናል» ተባለ። ያኔም የተፈጥሮ ስም ተጠራ።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ቅጠል ርካሽ ስለሆነ ነው። ቅጠሉ ዛሬ በእጅ አለ፤ ቀለም፣ ቁልፍ፣ ሰሌዳ፣ የአንድ ቅዳሜ ልምምድ። ፈንታሌ ቀጠሮ አይሰጥም፤ እሳትም ሱቅ እስኪዘጋ አይጠብቅም። አራት ጊዜ በምሽትና በሌሊት መጥተዋል። አምስተኛው በቀን ቢመጣ፣ «ድንገተኛ ነበር» የሚለው ቃል ከማንም አፍ ሊወጣ አይገባም።